እንጀራ፦ ቤት መጋገር፣ ማስጋገር ወይስ ገዝቶ መብላት?

ስለ ቁጠባ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው የካፌ ማኪያቶና የታክሲ ወጪ ነው። ለብዙ የአዲስ አበባ ቤት ግን ትልቅ ወጪ ያለው መሶብ ውስጥ ነው። እንጀራ በየቀኑ ይበላል፤ በየቀኑ ስለሚበላም ቁጭ ብሎ ሂሳቡን የሚሠራ የለም። ጤፍ ሲጨምር «ጉድ ፈላ» እንላለን፣ እንገዛለን፣ እንረሳለን።

ምርጫው ደግሞ እንደ ድሮው አንድ ብቻ አይደለም። ጤፍ በኩንታል ገዝቶ ማስፈጨት አለ። የተፈጨ ዱቄት በኪሎ መግዛት አለ። ከማሽላ ወይም ከሩዝ ጋር መደባለቅ አለ። ዱቄት ሰጥቶ ማስጋገር አለ። የተጋገረውን ከሰፈር ወይም ከሱቅ መግዛት አለ። «የቱ ይረክሳል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም የለመደውን ይነግራችኋል። እናት «የሱቅ እንጀራማ አያጠግብም» ትላለች። ልጅ «ለመብራቱና ለልፋቱማ ገዝቶ መብላት ነው» ይላል። ሁለቱም በየቤታቸው ትክክል ናቸው። መልሱን የሚወስነው ከሁሉ በፊት በመሶቡ ዙሪያ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ ነው።

በምን እንለካ?

በቁጥር ማወዳደር ያታልላል። ቤት የሚጋገረው ወፈር፣ ሰፋ ይላል። የሱቁ ይሳሳል፤ አንዳንዱማ በብርሃን ሲያዩት ማዶው ይታያል። ስለዚህ እንጀራን በኪሎ መዝኑት። አምስት እንጀራ ደርባችሁ መዝኑና ለአምስት አካፍሉት። ቤት ሚዛን ከሌለ ባለሱቁ ይመዝንላችኋል፤ ትንሽ ይስቅባችሁ ይሆናል እንጂ።

ከዋጋው ሌላ አራት ነገር አለ። አንደኛ፣ መብራት። ሁለተኛ፣ ጊዜና ጉልበት። ሦስተኛ፣ ሻግቶ የሚጣለው። አራተኛ፣ የምንበላው ምን እንደሆነ ማወቃችን።

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ የምጠቀመው ለስሌት የሚመች ክብ ቁጥር ነው። የሰፈራችሁን ዋጋ ተክታችሁ አስሉት። ጤፍ ከነማስፈጫው ኪሎው 150 ብር ይሁን። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስድስት እንጀራ ይውጣ፤ አንዱ 350 ግራም ይመዝን። እንጀራው በዱቄት ብቻ 25 ብር ወጣበት ማለት ነው። ለመብራት 2 ብር እንጨምር፤ አብዝቼ ነው የያዝኩት። 27 ብር ሆነ። ሱቅ ደግሞ አንዱን በ25 ብር ይሽጠው፤ ክብደቱ 250 ግራም ይሁን።

በቁጥር ካየነው የሱቁ በ2 ብር ይረክሳል። በኪሎ ሲታይ ግን የቤቱ 77 ብር ሲሆን የሱቁ 100 ብር ነው። «የሱቅ እንጀራ አያጠግብም» የሚባለው ምላስ ላይ ያለ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሚዛን ላይም አለ።

ምጣዱ ስንት ይበላል?

የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። እስኪግል አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጅ እንበል። ያን ጊዜ ምንም እንጀራ ሳይወጣ ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ሄዷል። ከዚያ ለአንዱ እንጀራ፣ አፍስሶ፣ ከድኖ፣ በሰፌድ እስከ ማውጣት፣ አራት ደቂቃ ያዙ።

ሃያ አምስት እንጀራ በአንድ ጊዜ ከጋገራችሁ ለአንዱ የሚደርሰው 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስድስት ብቻ ከጋገራችሁ ግን 0.38 ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የማጋያው ወጪ ስድስትም ጋገራችሁ ሃያ አምስት ያው ነው። ድካሙም እንዲሁ ነው። ማቡካቱ፣ ውሃውን ማጥለሉ፣ አብሲት መጣሉ፣ ዕቃ ማጠቡ በእንጀራው ቁጥር ልክ አይቀንስም። ቤት መጋገር የሚያዋጣው ብዙ ሲጋገር ነው የምለው ለዚህ ነው።

የመብራት ታሪፍም አለ። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል። በሳምንት ሁለቴ ሃያ አምስት ሃያ አምስት የሚጋግር ቤት በወር ወደ 58 ኪሎዋት ሰዓት ለምጣድ ብቻ ያወጣል። ስለዚህ ዓምና የሠራችሁትን ሂሳብ ዘንድሮ እንደገና ሥሩት።

ይህን ወጪ የሚቀንሱ ጥቂት ልማዶች አሉ። ቡሆው፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳያልቅ ምጣዱን አትለኩሱ። ሁለት እንጀራ ሲቀር አጥፉት፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይጨርሰዋል። የመጨረሻው ትንሽ ገርጣ ይላል፣ ለፍርፍር ይሆናል። ምጣዱ እስኪበርድም የደረቀውን እንጀራ ቆራርሳችሁ ዘርጉበት፣ ድርቆሽ ይሆንላችኋል። ከጎረቤት ጋር ከተግባባችሁ ደግሞ በአንድ ቀን በአንድ ምጣድ ተከታትሎ መጋገር ነው፤ ማጋያውን አንዴ ከፍላችሁ ሁለት ቤት በላበት። የመብራቱን ሂሳብ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ በኋላ እንዳትኮራረፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ተራ ሶኬት የሚችለው ጫፍ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ምጣድን በማራዘሚያ ገመድ፣ ያውም ከማቀዝቀዣና ከስቶቭ ጋር መሰካት አደጋ አለው። ሶኬቱ ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ቢኖረው ነው የሚሻለው።

ገጠርና በየከተማው ዳር በእንጨት ለሚጋግሩ ደግሞ ክፍቱን ሦስት ጉልቻ «ምርት» በሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መቀየር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ከእንጀራ ቁጠባ ሁሉ ይህን ያህል የሚመልስ አላውቅም።

ኩንታል ገዝቶ ማስፈጨት

በዋጋ ብቻ ከሄድን ንጹሕ ጤፍ ለሚፈልግ የሚረክሰው ይህ ነው። በሳምንት ሃምሳ እንጀራ የሚበላ ቤት ኩንታሉን በሦስት ወር ገደማ ይጨርሰዋል። ችግሩ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። ደሞዝ ከወር ወር ለማያደርሰው «ኩንታል ግዛ» ማለት ምክር አይባልም። ከእህት ወይም ከጎረቤት ጋር ለሁለት መካፈል፣ አለዚያም ዕቁብ ሲወጣ መግዛት የብዙ ሰው መላ ነው።

የጤፍ ጥሩነቱ እንደ ስንዴና በቆሎ ነቀዝ አይደፍረውም። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይቆያል። ዱቄቱ ግን እንዲህ አይደለም። ስለዚህ ጤፉን በኩንታል ግዙ፣ የምታስፈጩት ግን የወሩን ብቻ ይሁን።

ስትገዙ፣ እህል በረንዳም ይሁን የእሁድ ገበያ፣ ከጆንያው አፍ ባለው አትርኩ። ላይ ላዩን ማኛ፣ መሀሉ ሌላ የሆነ ጆንያ አለ። በመውጊያዋ ብረት ከመሀልና ከታች አስወጡ። እፍኝ ይዛችሁ መዳፋችሁ ላይ እሹት፤ መዳፋችሁ አቧራ ከሆነ ወይም ጥርሳችሁ ላይ አሸዋ ከተንኮሻኮሸ ሲነፋ ብዙ ይጎድላል። እርጥበት ያለው ጤፍ ደግሞ ውሃውንም በኪሎ እያስከፈላችሁ ነው።

ማኛ ወይስ ሰርገኛ? ማኛ ለእንግዳ ያኮራል፤ ዋጋውም እንደ ኩራቱ ነው። ለዘወትር ሰርገኛ ይበቃል ባይ ነኝ። ቀይ ጤፍ ብዙ ጊዜ ከነጩ ይረክሳል፣ ሽሮ ሲፈስበትም ልዩ ነው። ልጆች ቀለሙን አይተው ካኮረፉ ከነጩ ጋር ደባልቁት።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። በቆሎ ከነበረ የመጀመሪያው ዱቄት ውስጥ ይገባል። ጤፍ በተፈጨበት ላይ ተራ መጠበቅ ይሻላል። የእናንተው እስኪያልቅም አጠገቡ ቁሙ።

ዱቄት በኪሎ መግዛት

ለማበጠር፣ ለመንፋት፣ ወፍጮ ቤት ለመሰለፍ ጊዜ ለሌለው ይሆናል። ከባልትና ቤት ወይም ከሸማቾች ይገኛል። ዱቄቱ ኪሎው 165 ቢሆን የእንጀራው ኪሎ 84 ብር አካባቢ ይመጣል። ልዩነቱ ትልቅ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ ነው። ከተፈጨ በኋላ ጤፍና ሌላው እህል በዓይን አይለይም። አዲስ ሻጭ ሲሆን መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ብቻ ግዙና ጋግራችሁ በማግስቱ እዩት። ሲጠቀለል የሚሰነጠቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

መደባለቅ

ይህ ብዙ ቤት በድብቅ የሚደረግ ነው፤ ለምን እንደሚታፈርበት አይገባኝም። ሁለት እጅ ጤፍ በ150 ብር፣ አንድ እጅ ማሽላ በ90 ብር ብትቀላቅሉ ዱቄቱ ኪሎው 130 ይሆናል። ያው ስድስት እንጀራ ከወጣው የእንጀራው ኪሎ ወደ 68 ብር ይወርዳል። ከሁሉም የረከሰው ይህ ነው።

እህሉ ግን ጠባዩ ይለያያል። ነጭ ማሽላ ያምራል፣ የዕለቱ ለስላሳ ነው፤ በማግስቱ ይደርቃል። ሩዝ እንጀራውን ነጭ ያደርጋል፣ በዝቶ ከገባ ግን በሁለተኛው ቀን ይፈረካከሳል። በቆሎም እንደዚያው ነው፣ ጣፈጥ ማለቱም ለሁሉም አይስማማም። ገብስ ወፈር ያደርገዋል፤ ጣዕሙ ጥሩ ነው። ስንዴ ልስላሴ ይሰጣል፣ ከበዛ ይጣበቃል።

ስለዚህ የምትደባልቁ ከሆነ የምትጋግሩበትን ቀን አቀራርቡ። በሳምንት አንዴ ጋግሮ ለሚያስቀምጥ ድብልቅ አይሆንም፤ ያተረፈው ብር በደረቀ እንጀራ ይወጣል። ከሲሶው አትለፉ የምለውም ለዚህ ነው።

ማስጋገር

ዱቄቱ የራሳችሁ ነው፣ የምትከፍሉት ለእጅና ለመብራት ነው። ወይ ጋጋሪዋ ቤት ትወስዳላችሁ፣ ወይ ተመላላሽ ቤታችሁ መጥታ ትጋግራለች። ለአንዱ 6 ብር ብትጠይቅ የእንጀራው ኪሎ ወደ 89 ብር ይመጣል፤ በቤትና በሱቅ መሀል ማለት ነው። ምን እንደምትበሉ ታውቃላችሁ፣ ጊዜም ይተርፋል። ከአንድ ኪሎ ስንት እንጀራ እንደሚወጣ ብቻ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ይህ ሳይነገር ቀርቶ ነው «ዱቄቴ ጎደለ» የሚመጣው።

የተጋገረ መግዛት

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚፈራው ቅልቅሉን ነው። ጄሶና ሰጋቱራ ቀላቅለው ስለተያዙ ሰዎች በተለያየ ጊዜ በዜና ሰምተናል፤ ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ሩዝ የቀላቀለች ጋጋሪ ግን ሌላ ነገር ናት። ሩዝ መቀላቀል ነውር የለውም፤ በንጹሕ ጤፍ ዋጋ መሸጡ ነው ነውሩ። ቀርባችሁ «እትዬ፣ ይሄ ምን ያህል ሩዝ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥ ያለ መልስ የምትሰጣችሁን ደንበኛ አድርጓት።

የሰፈር ጋጋሪና የሱቅ እንጀራ አንድ አይደሉም። ጋጋሪዋ ዘንድ ማለዳ ከሄዳችሁ ትኩሱን ታገኛላችሁ፣ ስትጋግርም ታያላችሁ። ሱቅ ውስጥ ያለው መቼ እንደተጋገረ አይታወቅም። ዕቃው ውስጥ እንፋሎት አቁሮ ከታያችሁ ሳይበርድ ታሽጓል፤ ቶሎ ይሻግታል። በተረፈ ክብደቱን መዝናችሁ ከሁለት ሦስት ቦታ ካወዳደራችሁ አንዱ ጎልቶ ይወጣል።

በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | የእንጀራው ኪሎ (በምሳሌው ዋጋ) | ጊዜና ድካም | የሚያስፈራው |
|---|---|---|---|
| ኩንታል ጤፍ ገዝቶ መጋገር | 77 ብር | ብዙ | በአንዴ የሚወጣ ገንዘብ |
| ዱቄት በኪሎ ገዝቶ መጋገር | 84 ብር | መካከለኛ | ዱቄቱ ውስጥ ያለው ቅልቅል |
| ጤፍ ከማሽላ ደባልቆ መጋገር | 68 ብር | ብዙ፣ ቶሎ ቶሎ መጋገር | በማግስቱ መድረቅ |
| ዱቄት ሰጥቶ ማስጋገር | 89 ብር | ትንሽ | የዱቄቱና የእንጀራው ቁጥር አለመግባባት |
| የተጋገረ መግዛት | 100 ብር | የለም | መሳሳቱ፣ ቅልቅሉ |

ታዲያ ለማን የቱ?

*ብቻውን ለሚኖር።* ግዙ። በሳምንት 3.5 ኪሎ እንጀራ የሚበላ ሰው ቤት ቢጋግር የሚያተርፈው 80 ብር ገደማ ነው። ሁለት እንጀራ ከሻገተበት 54 ብሩ ሄደ። የምጣድ ዋጋና የእሁድ ግማሽ ቀን ሲጨመርበት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። ቁጠባው ያለው አለመጣሉ ላይ ነው። የሦስት ቀኑን ብቻ ግዙ፣ ማቀዝቀዣ ካለም በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስገቡ።

*ሁለቱም ሥራ የሚውሉ ባልና ሚስት።* ማስጋገር ይመቻል። ጤፉን ሃያ አምስት ኪሎ ግዙ፣ አስፈጩ፣ ለጋጋሪዋ በሳምንት የሚበቃውን ስጡ።

*አምስትና ከዚያ በላይ ለሆነ ቤተሰብ።* ጋግሩ። በሳምንት 17.5 ኪሎ እንጀራ ለሚበላ ቤት በቤቱና በሱቁ መካከል ያለው ልዩነት በምሳሌው ዋጋ 400 ብር ገደማ ነው፤ በወር ከ1,600 ብር ያልፋል። አዲስ ምጣድ መግዛት ካለባችሁ የምጣዱን ዋጋ ለዚህ አካፍሉት፤ በስንት ወር እንደሚመለስ ይነግራችኋል። ግን ሥራው ሁሌ የአንድ ሰው ጫንቃ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ያ ሰው ደግሞ ይጠየቅ። እናት እሁድዋን ምጣድ ስር ስታሳልፍ «ርካሽ ነው» የምንለው የሷን ሰዓት ዜሮ ብር ብለን ነው።

*ኪሱ ለጠበበ ትልቅ ቤተሰብ።* ድብልቁን ያዙ፣ በሳምንት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ጋግሩ። የደረቀው ለፍርፍር ነው።

*ለተከራይ።* ከአከራይ ጋር ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ ስለ ምጣድ ቤቱን ከመያዛችሁ በፊት ተነጋገሩ። «ምጣድ አይቻልም» የሚል አከራይ ብዙ ነው። የሚፈቅደውም በወር የሚጨምርባችሁ ብር ከላይ ካሰብነው ቁጠባ ሊበልጥ ይችላል። 58 ኪሎዋት ሰዓትን በታሪፉ አባዝታችሁ ይዛችሁ ቅረቡ፤ በግምት ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

*አሜሪካ ላላችሁ።* ሂሳቡ እዚያም ይሠራል፣ ዕቃው ግን ይለያል። ጤፍ አይዳሆ ውስጥም ይመረታል። በብዙ የሐበሻ ቤት ያለው ምጣድ ደግሞ ቤታኒ የሚባለው፣ ለኖርዌጂያኖች ለስላሳ ቂጣ የተሠራው ክብ መጋገሪያ ነው። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአንድ ኪሎ የሚወጣው እንጀራ በቁጥር ይበዛል፤ ከሱቁ ጋር ስታወዳድሩ እዚህም በክብደት ይሁን። ፍሪዘሩ ሰፊ ከሆነ አንዴ ብዙ ጋግሩና በየመሀሉ ላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ስትፈልጉ አውጥታችሁ በራሱ ጊዜ እንዲቀልጥ ተዉት፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ካበዛችሁት ጠርዙ ይደርቃል።

*ለበዓልና ለድግስ።* የፈለገው ዓይነት ቤት ቢሆን ማስጋገር ወይም ማዘዝ ነው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ጋጋሪዎች በትዕዛዝ ስለሚጣበቡ ሳምንት ቀድማችሁ ቀብድ ስጡ፤ ትዕዛዙ ላይም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ስፋቱንና ውፍረቱን ተናገሩ።